የዓሣ በሽታ ቅኝት ከኩሬው ዳር ይጀምራል

በእስራኤል ባሉ የዓሣ እርባታዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ቆሮሶ (ቲላፒያ) በብዛት ያልቅ ጀመር። ገዳዩ እስከዚያ ድረስ የማይታወቅ ቫይረስ መሆኑ በጥናት የተገለጸው ግን በ2014 ነው። ዛሬ የቲላፒያ ሐይቅ ቫይረስ ይባላል። በአንዳንድ እርባታዎች ከአሥር ዓሣ እስከ ዘጠኙን ገድሏል። ለታመመው ዓሣ መድኃኒት የለም። ሰውን አይይዝም፤ ጓዳን ግን ባዶ ያደርጋል።

ገዳዩ ሳይታወቅ ባለፉት ዓመታት ቫይረሱ መጓዙን አላቆመም። በታይላንድ ከዓሣ ጫጩት ማስፈልፈያዎች ተወስደው የተቀመጡ ናሙናዎች ቆይተው ሲመረመሩ፣ ከ2012 ጀምሮ በነበሩት ውስጥ ተገኘ። ከማስፈልፈያ የሚወጣ ጫጩት ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ይሸጣል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ማስጠንቀቂያ ያወጣው በግንቦት 2017 ነው።

የበሽታ ቅኝት የሚባለው ሥራ ይህን የዘገየ ጊዜ ለማሳጠር ነው። ዓሣ እንደ ከብት አንድ በአንድ አይታይም፤ ከደፈረሰ ውኃ በታች ያለውን መንጋ ማን ያየዋል? ላቦራቶሪው ውድ ነው፤ ርቀቱም አለ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ጥቂቱን ገንዘብ የት እናውለው የሚለው ነው።

ስሌቱ መልሱን ያሳያል። በአንድ ትልቅ ኩሬ ከመቶ ዓሣ ሁለቱ ብቻ ቢታመሙ፣ በሽታውን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማግኘት ያለምርጫ ወደ 150 ዓሣ መርምሮ ማየት ይጠይቃል። ከመቶ አሥሩ ከታመሙ 30 ያህል ይበቃል። ጤነኛ የሚመስለውን በመረብ እያፈሱ መመርመር እንግዲህ ብር ውኃ ውስጥ መጣል ነው። መወሰድ ያለበት መብላት የተወው፣ ከመንጋው ተለይቶ ላይ ላዩን የሚዋልለው፣ ዓይኑ የደበዘዘ፣ ቆዳው የቆሰለ ዓሣ ነው። በሽታው ካለ እዚያ ነው የሚገኘው፤ ጥቂት ዓሣም ይበቃል። የአምስት ዓሣ ጉበትና አንጎል አንድ ላይ ተደርጎ የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልግ በአንድ የፒሲአር ምርመራ ሲታይ ወጪው ይበልጥ ይቀንሳል። ናሙናው ሲደባለቅ ግን አነስተኛ ቫይረስ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ይህ ዘዴ የሚያዋጣው በተለይ የታመመ በሚመስል ዓሣ ላይ ነው።

የታመመውን ለይቶ የሚያውቀው ደግሞ በየቀኑ መኖ የሚበትነው ሰው ነው። አርቢው በየማለዳው የሞተውን ቆጥሮ፣ የተበላውን መኖና የውኃውን ሁኔታ በደብተር ቢያሰፍር የኩሬውን ልማድ ያውቃል፤ ከልማዱ የወጣውንም ቀን ወዲያው ይለያል። ከዚህ የረከሰ መሣሪያ የለም። ቅኝቱ የሚበላሸው አርቢው ዝም ሲል ነው። ሞት አለብኝ ያለ ሰው ኩሬው ተዘግቶበት ካሣ ካላገኘ፣ ጎረቤቱ ከእርሱ ዕጣ ተምሮ የታመመውን ዓሣ ቶሎ ገበያ ያወጣል። ስለዚህ ለካሣ የሚመደበውን ገንዘብ ከቅኝቱ ወጪ ለይቼ አላየውም።

ቆሮሶ ለእኛ እንግዳ ዓሣ አይደለም፤ የጣና፣ የዝዋይ፣ የሐዋሳና የጫሞ ዓሣ ነው። በየገበሬው ማሳ ኩሬ እየተቆፈረ ጫጩት ሲታደል፣ ጫጩቱ የሚወጣባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ይህ ለበሽታ ምቹ መንገድ የመሆኑን ያህል ለቅኝትም ምቹ ነው፤ ምንጩን መመርመር ሺህ ኩሬ ከመዞር ይቀላል። ስለዚህ ጫጩት የሚያከፋፍሉ ማዕከላት ሳይመረምሩ አያከፋፍሉ። ኩሬ ያላችሁም ሞቱ ከወትሮው ሲበዛ ዓሣውን ወደ ሌላ ኩሬ አታዛውሩ፤ መረቡንም ለጎረቤት አታውሱ። ሊሞት የተቃረበውን በበረዶ ይዛችሁ በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አድርሱ።