ሐዲድ ባልገባበት አገር የባቡር ትዝታ

በእንግሊዝ አገር በትምህርት ላይ በነበርሁበት ዘመን፣ ዮርክ በተባለው ከተማ የባቡር ጣቢያ ከመሳፈሪያው መድረክ ጫፍ ቆመው የሚውሉ ሽማግሎችን አይ ነበር። ተሳፋሪዎች አይደሉም፤ የሚቀበሉት እንግዳም የላቸውም። ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይዘው በፊታቸው የሚያልፈውን ባቡር ሁሉ ቁጥሩን ይመዘግባሉ። አንደኛውን ቀርቤ ቁጥሩ ምን እንደሚያደርግላቸው ብጠይቃቸው፣ «ይህን እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር» አሉኝና ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። ለእሳቸው ይኸው በቂ መልስ ነበር።

ልማዱ በአገሩ የታወቀ ነው። ኢያን አላን የተባለ ወጣት የባቡር ኩባንያ ጸሐፊ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 የሎኮሞቲቮችን ቁጥር የያዘች አነስተኛ መጽሐፍ አሳትሞ አወጣ፤ ልጆችም ያዩትን ቁጥር በመጽሐፏ ላይ እያሰመሩ በየጣቢያው ይሰበሰቡ ጀመር። በ1951 በዌልስ ታሊሊን የሚባለው ትንሽ መስመር እንዳይዘጋ ወዳጆቹ ያለ ደመወዝ ተረክበው ያንቀሳቅሱት ጀመር። በ1968 የመንግሥቱ ባቡሮች በእንፋሎት መጓዝን ሲተዉ፣ የልጆች ጨዋታ የነበረው ነገር ወደ ቅርስ ጥበቃ ተለወጠ። በዮርክ ያለው የባቡር ቤተ መዘክር በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር የሮጠችውን ማላርድ የተባለችውን ሎኮሞቲቭ ያሳያል፤ ቁጥሯ 4468 መሆኑን ደግሞ እነዚያ ሽማግሎች ሳይጠየቁ ይነግሩሃል።

ወደ አገሬ ተመልሼ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው የባቡር ትዝታ ልሰብስብ ብዬ ስነሣ፣ ጥያቄዎቼን ያዘጋጀሁት በዚያ ደብተር አምሳል ነበር፤ ባቡሩን መቼ አዩት፣ ቀለሙ ምን ነበር፣ ስንት ፉርጎ ይጎትት ነበር፣ የሚሉ ናቸው። አንባቢ «ሐዲድ ያልገባበት ጎጃም ምን የባቡር ትዝታ ይኖረዋል?» ቢል አይፈረድበትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ከጅቡቲ በሐረር በኩል ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ ስለሚሄድ መስመር የተጻፈ እንጂ ጎጃምን የሚነካ አልነበረም። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ በዚያውም ቆመ። ጎጃሜ ባቡር ለማየት የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት፣ ሸዋንም ማቋረጥ ነበረበት።

መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። «እማማ፣ ባቡር መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?» ብላቸው ሳያመነቱ፣ «በልጅነቴ ነዋ፤ እናቴ አሸክማኝ ሄጄ» አሉ። ድምፁ ከወንዝ ማዶ እንደሚሰማ፣ ጭሱ ዓይን እንደሚያቃጥል፣ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተራ እንደሚጠብቅ ነገሩኝ። እኔም ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍሁ። «ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ሲወጣ እጄን እሰድበት ነበር» ባሉ ጊዜ ግን እርሳሴን አስቀመጥሁ። የሚነግሩኝ ስለ እህል ወፍጮ ነበር።

ስሕተቱ የእኔ እንጂ የእሳቸው አልነበረም። «ባቡር» የሚለው ቃል ምንጩ የጣሊያንኛው «ቫፖሬ» ነው ይባላል፤ ትርጓሜውም እንፋሎት ማለት ነው። በዐረብኛ በኩል አልፎ ወደ እኛ ደረሰ። የግብፅ ሰዎች «ዋቡር» ሲሉ ባቡሩንም የጋዝ ምድጃውንም ይጠሩበታል። በአማርኛም እንዲሁ በእሳት ኃይል ለሚሠራ ልዩ ልዩ መሣሪያ ስም ሆነ። በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ለይቶ «የምድር ባቡር» ማለት ያስፈለገው፣ አውሮፕላኑንም ሰው «የሰማይ ባቡር» ይለው የነበረው ስለዚህ ነው። ባጠያየቅሁበት ባላገር ቃሉን ያጸናው ግን ወፍጮው ነው። ሌሊት ተነሥታ በድንጋይ ላይ አጎንብሳ መጅ ስትገፋ ለምታድር ሴት፣ የእህል ባቡር መምጣት ከጅቡቲው መስመር መከፈት የሚያንስ ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም የሚበልጥ ይመስለኛል።

የምድሩን ባቡር በእርግጥ ያዩም አሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ለንግድ፣ አንዳንዶቹ ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም፣ ሌሎቹም በውትድርና ከለገሃር ተሳፍረው ወደ ምሥራቅ የወረዱ ናቸው። (ለገሃር የሚለው ስም ራሱ «ጣቢያው» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው።) ስለ ቀለሙና ስለ ፉርጎው ብዛት ስጠይቃቸው ግራ ይጋባሉ፤ ከማን ጋር እንደ ተቀመጡ ስጠይቃቸው ግን ወሬው አያልቅም። ወደ ቁልቢ የሄዱ አንዲት እናት ለስለት የያዙት ጃንጥላ እንዳይሰበርባቸው እስከ ድሬዳዋ በጉልበታቸው መካከል አቁመው መሄዳቸውን፣ አንዲት የሐረር ነጋዴ ሴትም ሕፃናቸውን ተቀብላ እንዳሳረፈቻቸው አጫወቱኝ። እርግጥ የዮርኮቹ ሽማግሎችም ሻይ ሲቀርብላቸው ስለ ከሰሉ ሽታና ስለ አባታቸው ያወሳሉ፤ ይሁን እንጂ የሚያስቀድሙት ቁጥሩን ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቼን ሁሉ እንደገና ጻፍኋቸው።

ጊዜው ግን አጭር ነው። ዛሬ ከለገሃር የሚነሣ ባቡር የለም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው በሌላ ሐዲድ፣ ከሌላ ጣቢያ ነው። በአሮጌው መስመር የተሳፈሩት የጎጃም ሰዎችም አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል።

ለዮርኮቹ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የቀረቡብኝ፣ በ1957 ዓ.ም. ሐረር ወደሚገኘው ሦስተኛ ክፍለ ጦር በባቡር የተላኩ አንድ አዛውንት ወታደር ናቸው። ቁጥር አልያዙም፤ ጣቢያዎቹን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያወርዷቸዋል፤ አቃቂ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ አዋሽ። በእያንዳንዱ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ይጨምራሉ። ናዝሬት ላይ ጋቢያቸውን አውልቀዋል፤ አዋሽ ድልድይ ላይ ደጋ ያደጉ ጓደኞቻቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከዚያ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም። አፍደም ላይ ስንደርስ እንግዳ ገባ። «የቀረውን ስትመለስ እነግርሃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

አዲሱን ጥያቄ ይዤ የተመለስሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። በግቢው ድንኳን ተተክሎ ነበር። ደብተሬ ላይ ያለው እስከ አፍደም ነው።