ከሆሳዕና እስከ አባያ ዳርቻ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ብዙ ሰዎች የዕረፍት ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ባሕር ዳር ለባሕር ዳር በተዘረጋ መንገድ በአውቶሞቢል በመጓዝ ነው። ቀድሞ አያሌ ኢትዮጵያውያንም ከአሥመራ ወደ ምጽዋ በሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ከደጋው ብርድ ተነሥተው በጥቂት ሰዓት ከቀይ ባሕር ሙቀት ይደርሱ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ የባሕር ጠረፍ አለመኖር የውሃ ዳር መንገድ አለመኖር ማለት አይደለም። በሆሳዕና፥ በዱራሜና በአካባቢያቸው ለሚኖር ሰው ጧት ተነሥቶ ሳይመሽ የሚደርስበት አንድ ውብ የውሃ ዳር መንገድ አለ፤ ይኸውም ከሶዶ ተነሥቶ የአባያን ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ተከትሎ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ጉዞ አዘገጃጀት ይሆናል።

በመጀመሪያ የመንገዱን መሥመር እንመልከት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ በዓለም ገና አድርጎ የአዋሽን ወንዝ መልካ ቁንጥሬ ላይ ይሻገራል። ቀጥሎም በጢያ፥ በቡታጅራና በወራቤ በኩል አልፎ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ወደ ነበረችው ወደ ሆሳዕና ይደርሳል። በዚህ ጉዞ ጊዜ ያለው ሰው ጢያ ላይ ወርዶ ሰይፍና ልዩ ልዩ ምልክት የተቀረጸባቸውን ትክል ድንጋዮች ቢያይ ዋጋ ያለው ትምህርት ያገኛል፤ እነዚህ ድንጋዮች በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከሆሳዕና በኋላ መንገዱ በዶዮገናና በአረካ አድርጎ ሶዶ ይገባል፤ ይህም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል።

ኪሎ ሜትሩን ማወቅ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከፍታውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ የአባያ ሐይቅ ያለው 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ መንገደኛው በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ቁልቁለት ሦስት ነገሮችን ይለውጣል፤ የመኪናውን አያያዝ፥ የሰውን ጤናና የዝናቡን ወራት።

ስለ መኪናው፦ በረዥም ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ ዘወትር ፍሬን እየረገጠ የወረደ እንደ ሆነ ፍሬኑ ይግልና የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መለወጥና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ ይገባል። ከመነሣቱ በፊት የፍሬኑን፥ የጎማውንና የራዲያተሩን ውሃ ያስመርምር፤ ስኮርታውና ክሪኩ መኖራቸውን በዓይኑ ይይ። ቤንዚኑንም በሆሳዕና ይሙላ፤ በሶዶም ይጨምር። ጎሚስታ በየከተማው ቢገኝም በሁለት ከተሞች መካከል ለቆመ ሰው አይደርስለትም።

ስለ ጤና፦ በአገራችን የወባ በሽታ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር ነው። የደጋ ሰው በሽታውን ስላልለመደው ቆላ በወረደ ጊዜ ብርቱ ሕመም ሊደርስበት ይችላል። ወባ ከፍ የሚለውም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። እንግዲህ ሰማዩ ጠርቶ አገሩ ሁሉ አበባ ሲለብስ፥ ሰውም ለመንገድ ሲነሣሣ፥ ትንኟም በዚያው ጊዜ ትበረታለች። መንገደኛው ከመሄዱ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ሌሊት በአጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤተሰብ ይልቁን ይጠንቀቅ። ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ግን ይህ ነው፤ የወባ ትኩሳት የሚነሣው ትንኟ በነከሰች ዕለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ መንገደኛው ወደ ደጋ ቤቱ ተመልሶ ጉዞውን ረስቶት ይሆናል፤ ሕመሙንም ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛበታል። በዚህ ምክንያት ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ከቆላ ተመልሶ ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ፥ «ቆላ ወርጄ ነበር» ብሎ መናገርና ደሙን ማስመርመር አለበት።

ስለ ዝናብ፦ በሆሳዕናና በከምባታ ዋናው ዝናብ የሚዘንበው በክረምት ነው። በአባያ ዳርቻና በጋሞ ተራሮች ግን ዝናቡ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት ነው። በዚያን ጊዜ ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች በድንገት ሞልተው መንገዱን ሊዘጉት ይችላሉ። ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ያለፈበት እንደ ሆነ መንገደኛው ጥልቀቱን በግምት ለክቶ ሊሻገር አይሞክር፤ ጎርፉ እስኪጎድል ይቆይ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ አንድ ሰዓት ያተርፋል ብሎ የገባ ሰው መኪናውን ቀርቶ ራሱን ሊያጣ ይችላል። ይህን ሁሉ ስናመዛዝን ለጉዞው የሚስማሙት ወራት ጥርና የካቲት ናቸው። በመስከረም ለመሄድ የሚያስብ ሰው ደግሞ ሐዲያው ለያሆዴ፥ ከምባታው ለመሳላ፥ ወላይታው ለጊፋታ፥ ጉራጌው ለመስቀል ወደ ወላጆቹ የሚጎርፍበት ጊዜ መሆኑን አይርሳ። በዓሉን ለማየት እጅግ ደስ ያሰኛል፤ አውቶቡሱና ማደሪያው ግን አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም።

አሁን ወደ ዕለቱ አከፋፈል እንምጣ። ከሆሳዕና የሚነሣ ሰው ቁርሱን በልቶ ከጧቱ በ1 ሰዓት ቢነሣ መልካም ነው። በዶዮገና በኩል ሲያልፍ በየቤቱ ዙሪያ የተተከለውን እንሰት ይመለከታል፤ ቆጮውና ቡላው፥ የሐዲያም አተካና የሚሠራው ከዚህ ተክል ነው። ከዱራሜ አጠገብ ያለው የአምባሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሊወጣው የሚፈልግ ግን ለብቻው አንድ ቀን ይስጠው። በአረካ አቅራቢያ የአጆራ መንታ ፏፏቴ ይገኛል። መንገደኛው ምሳውን ከዳሞታ ተራራ ሥር በሶዶ በልቶ በ7 ሰዓት ቢነሣ ጀምበር ሳትጠልቅ አርባ ምንጭ ይገባል። ይህ ሰዓት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐይቁ የሚገኘው ወደ ደቡብ ለሚሄደው ሰው በስተግራ፥ ማለት በምሥራቅ ነው። ጧት የሆነ እንደ ሆነ ፀሐይ በሐይቁ አቅጣጫ ዓይን ትወጋለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከበስተኋላ ሆና ውሃውን ታበራዋለች። የሌሊት ጉዞ ፈጽሞ አይመከርም፤ ከብትና እግረኛ በጨለማ አይታዩምና። ከመነሣቱም ቀደም ብሎ ስለ መንገዱ ደኅንነት በዚያ ሰሞን ተጉዘው የመጡ ሾፌሮችን መጠየቅ ይገባል።

በምዕራብ አባያ የሙዝ እርሻ መንገዱን ያጅበዋል። ልጆች ውሃውን አይተው ሊዋኙ ይጠይቁ ይሆናል፤ ሐይቁ ግን አዞና ጉማሬ ያለበት ስለ ሆነ ፈጽሞ አይፈቀድላቸው። በአርባ ምንጭ ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ሁለቱን ሐይቆች፥ አባያንና ጫሞን፥ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ጉብታ በአንድ ጊዜ ያያል። ጣልያናዊው ቦቴጎ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደዚህ በመጣ ጊዜ አባያን በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎት ነበር፤ አባያ የሚለው ስም ግን ጸንቶ ቀረ።

የጫሞ ውሃ ጠራ ያለ ሲሆን አባያ ቀይ ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ ወንዞች የሚያመጡት ደቃቅ ሸክላ አፈር ቶሎ ሳይዘቅጥ በውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ፥ ነፋሱም ስለሚያማስለው ነው። ከእነዚህ ወንዞች አንዱ ቢላቴ ነው። ቢላቴ የሚነሣው ከጉራጌ ተራሮች ሲሆን ከስልጤ፥ ከሐዲያ፥ ከከምባታ፥ ከሀላባና ከወላይታ የሚወርደውን ውሃ ሰብስቦ ወደ አባያ ይገባል። እንግዲህ የሆሳዕና ሰው በአባያ ዳር ቆሞ የሚያደንቀው ቅላት በከፊል ከራሱ አገር እርሻ ታጥቦ የሄደ አፈር ነው። ይህን አውቆ የተመለሰ ገበሬ በተዳፋት ማሳው ላይ እርከን ለመሥራት፥ መምህርም ለተማሪዎቹ ለማስረዳት የሚያነሣሣ ምክንያት ያገኛል፤ የጉዞውም ወጪ በከንቱ አልጠፋም ማለት ነው።

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።