ያረጀ የኦንላይን ሱቅ ሲቀየር ምን ይዘን እንወጣለን?

በጉለሌ ሽሮ ሜዳ ነጠላ፣ ጋቢና የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡ ነጋዴዎች ደንበኞቻቸው በአካል የሚመጡት ብቻ አይደሉም። በዓረብ አገራት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ይገዛሉ። ለእነሱ ብለው ከዓመታት በፊት የኦንላይን ሱቅ ያሠሩ ነጋዴዎች አሉ። ሱቁ ዛሬም ይከፈታል፣ ፎቶው ይታያል፣ ትዕዛዝም አልፎ አልፎ ይመጣል። ታዲያ ለምን ይቀየራል?

መልሱን በማጀንቶ ታሪክ ማየት ይቻላል። ማጀንቶ በዓለም በስፋት ከሚሠራባቸው የሱቅ ሶፍትዌሮች አንዱ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ፣ ማጀንቶ 1፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ከአምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱን አቆመ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም 2013 መጀመሪያ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ የማጀንቶ ሱቆች ተጠለፉ፤ አብዛኞቹም በዚሁ አሮጌ ትውልድ የሚሠሩ ነበሩ። አጥቂዎቹ ገዢው የካርድ ቁጥሩን በሚሞላበት ገጽ ውስጥ ቁጥሩን የሚቀዳ ኮድ ደበቁ። ሱቁ ግን እንደወትሮው ይሸጥ ነበር።

ማጀንቶ 1 ራሱ ኦፕን ሶርስ መሆኑን ልብ እንበል። ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱን ማንም ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና በመረጠው ሰርቨር ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል ማለት ነው። ራሱን በራሱ ይጠብቃል ማለት አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፤ ባለሙያው ቢሄድ ወይም ሰርቨር የሚያከራየው ድርጅት ዋጋ ቢጨምር ነጋዴው ሱቁን ይዞ መሄድ ይችላል። ለአነስተኛ ሱቅ ብዙዎች የሚመርጡት በዎርድፕሬስ ላይ የሚሠራው ዉኮሜርስ ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ ይወርዳል፣ ብርን እንደ መገበያያ ይቀበላል። ለሰርቨር፣ ለዶሜይን ስምና ለባለሙያ ግን ይከፈላል። «በነጻ ነው» የሚል ሠሪ ካጋጠመ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከምርጫው በፊት መጣራት ያለበት የዶሜይኑ ስም በማን እንደተመዘገበ ነው። በሠሪው ስም ከሆነ ሱቁ በተግባር የነጋዴው አይደለም፤ ሳይጣሉ፣ ገና ሥራው ሳይጀመር ወደ ራስ ስም ማዛወር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ መረጃው አለ። የዕቃዎች ዝርዝር እንደ ሠንጠረዥ ፋይል ወጥቶ ወደ አዲሱ ይገባል፤ ይህ ቀላሉ ነው። የደንበኞች ስም፣ ስልክና አድራሻ ግን አማና ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ፋይሉን በቴሌግራም ለባለሙያ መላክ፣ ወይም አሮጌውን ሱቅ ከነመረጃው ክፍት ትቶ መሄድ ተገቢ አይደለም። የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ በትክክል ስለማይዛወር፣ ደንበኞች አዲስ እንዲያወጡ ቀድሞ ማሳወቅ ይበጃል።

የዕቃው መግለጫም እንዳለ አይገለበጥ። በኦንላይን ገዢው የሚገዛው በመግለጫ ነው፤ ዕቃው ከተነገረው ተለይቶ ቢገኝ የመመለስ መብት እንዳለው ፊቅህ በኺያር ምዕራፍ ያስተምራል። ድሮ «የእጅ ፈትል» ተብሎ የተጻፈው ቀሚስ ዛሬ በፋብሪካ ክር የሚሠራ ከሆነ፣ ማስተካከያው ጊዜ ይህ ነው።

ለክፍያ ሲባል የካርድ ቁጥር በራስ ሱቅ ውስጥ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ገዢው ወደ ክፍያ አገልግሎት ሰጪው ገጽ ተልኮ ከፍሎ ይመለሳል። እንደ ቻፓ ያሉ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከዉኮሜርስ ጋር የሚገናኝ ማያያዣ አላቸው፤ በ2013 ሥራ የጀመረው ቴሌብርም በዚህ መንገድ ይገባል።

አዲሱ ሱቅ ለብቻው ተሠርቶ፣ በትንሽ ገንዘብ እውነተኛ ግዢ ተሞክሮበት ነው የሚከፈተው። የድሮ ሊንኮች ወደ አዲሶቹ ገጾች እንዲመሩ ይደረጋል፤ አለበለዚያ ከሁለት ዓመት በፊት የተላከላትን ሊንክ የምትከፍት እህት «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ታያለች። ዒድ፣ እንቁጣጣሽ ወይም ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ይህን ሥራ መጀመር አይመከርም፤ ገበያው የሚደራው ያኔ ነው።