ከችሎት እስከ ካዛንቺስ ባንክ፦ የመዓዛ አሸናፊ መንገድ

ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊን ብዙዎቻችን ያወቅናቸው በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ነው። እኔ ግን ካዛንቺስ በእናት ባንክ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ከሹመቱ በፊት የሠሩትን ነው።

አሶሳ ተወለዱ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፤ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ብዙም ሳይቆይ ከሙያ እህቶቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ለጠበቃ የምትከፍለው የሌላት ሴት በማኅበሩ በኩል አቤቱታዋ በነጻ ይጻፍላታል፤ ችሎትም የሚቆምላት ታገኛለች።

ማኅበሩ ከያዛቸው ጉዳዮች ሁሉ የሚታወቀው አርሲ ውስጥ የተጠለፈችው የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠልፈው ወሰዷት፤ ተደፈረች። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ማኅበሩ ራሷን ነው የተከላከለችው ብሎ ተሟገተላት፤ በነጻ ተለቀቀች። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም መነሻ ይኸው ታሪክ ነው።

ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ ቤተሰብ ይታረቃል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ስለዚህ የመዓዛና የጓደኞቻቸው ትግል ወደ ሕጉ ዞረ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልን የቤተሰብ የበላይ የሚያደርገውን ድንጋጌ አስቀረ፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜንም ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻ መፈጸሙም ጠላፊውን አያድነውም።

ይህ ሁሉ በቀላሉ አልመጣም። ማኅበሩ በመንግሥት ታግዶ ያውቃል። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት አዋጅም በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ከልክሎ አቅሙን አዳከመው።

ሕግ ቢሻሻልም የገንዘብ ጥያቄ ይቀራል። መብቷን ያወቀች ሴት በእጇ ምንም ከሌለ ከሚደበድባት ባል ቤት ወጥታ የት ትገባለች? በ2005 ሥራ የጀመረው፣ መዓዛ በመሥራችነትና በቦርድ ሰብሳቢነት የመሩት እናት ባንክ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ውስጥም በሴቶች መብት አማካሪነት ሠርተዋል።

ወገኖቼ፣ እኛም የድርሻችንን እንወጣ። በሰፈራችን፣ በዘመድ ቤት፣ የጠለፋ ወይም የልጅነት ጋብቻ ወሬ ስንሰማ «በሽምግልና ይለቅ» አንበል። ከልጅቷ ጋር ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሂድ፤ ማኅበሩን እንጠቁማት። እነ መዓዛ ያስቀየሩት ሕግ ለልጅቷ የሚደርስላት አንድ ሰው ይዟት ሲሄድ ነው።