«ኮሌስትሮል የለውም» የተባለው ቅቤ

ጾም ሲገባ ከየሱቁ በሚሸመተው የአትክልት ቅቤ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ጽሑፉ እውነት ነው፤ ዘይቱ የተገኘው ከዕፅዋት ነውና። ሰዉ ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ለልብ ይስማማል» ብሎ ይደመድማል። የደም ግፊት ላለባቸው ወላጆቹ አስቦ የሚገዛም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በደማችን ውስጥ የሚዘዋወረውን ኮሌስትሮል በአብዛኛው የሚያመርተው ራሱ ሰውነታችን ነው። ከፍና ዝቅ እንዲል በእጅጉ የሚያደርገው ደግሞ የምንበላው የስብ ዓይነት ነው። ከስብ ዓይነቶች አንዱ ትራንስ ፋት ይባላል፤ በብዛት የሚፈጠረው ፈሳሽ ዘይት እንዲረጋ በፋብሪካ ሃይድሮጅን ሲጨመርበትና ሥራው ከግማሽ ላይ ሲቆም ነው። እንዲህ ያለው ዘይት ርካሽ ነው፤ ቶሎ አይበላሽም፤ ብስኩቱንም ፍርክስ የሚል ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሜንሲንክና ካታን የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን በተለያየ ስብ እየመገቡ ደማቸውን መረመሩ። ትራንስ ፋት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩ የሚባለውን ዝቅ አድርጎ ተገኘ። በላም ቅቤ ውስጥ በብዛት ያለው ስብ እንኳ መጥፎውን ከፍ ቢያደርግም ጥሩውን እንዲህ አይቀንስም። ስለዚህ በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት የአትክልት ቅቤ ለልብ ከላም ቅቤ የከፋ ነው።

«ትንሽ ብትበላ ምን ትሆናለህ?» የሚልም አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ያስቀመጠው የትራንስ ፋት ጣሪያ 2.2 ግራም ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ከዕለቱ ካሎሪ 2 በመቶው ከትራንስ ፋት የሚመጣ ከሆነ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድል በ23 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ብዙ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ያሳያሉ።

የሚረጋ ዘይት ሁሉ ትራንስ ፋት ነው ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። የፓልም ዘይት የሚረጋው በተፈጥሮው ነው። መጥፎውን ኮሌስትሮል ስለሚጨምር ንጹሕ ነው ባልልም፣ ጥፋቱ ሌላ ነው። ሃይድሮጅን ሙሉ በሙሉ የተጨመረበት ዘይት ደግሞ ከሁሉም ይጠነክራል፤ ትራንስ ፋት ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በመዳሰስ አይታወቅም፤ ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል። የሚፈለገው ቃል «ፓርሻሊ ሃይድሮጅኔትድ» (በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት) የሚለው ነው። «ትራንስ ፋት 0 ግራም» የሚለው ብቻውን አያስተማምንም፤ በአሜሪካ ሕግ ለአንድ ጊዜ ተብሎ በተመደበው መጠን ውስጥ ያለው ከ0.5 ግራም ካነሰ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። የብስኩት ፓኬቱን የጨረሰ ልጅ ግን የበላው አንድ ጊዜ የተመደበውን ብቻ አይደለም።

ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ ሲነሣ ጣት የሚቀሰረው ተደጋግሞ በተጠበሰበት ዘይት ላይ ነው። ዘይት መደጋገም በሌላ ምክንያት መጥፎ ነው፤ የሚፈጥረው ትራንስ ፋት ግን ጥቂት ነው። ዋናው ጥያቄ መጀመሪያ ድስቱ ውስጥ የገባው የትኛው ስብ ነው የሚለው ነው።

«ያለ ትራንስ ፋት ኬክና ብስኩት አይሆንም» የሚሉ አምራቾችም ነበሩ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ100 ግራም ስብ ውስጥ በፋብሪካ የተፈጠረ ትራንስ ፋት ከ2 ግራም እንዳይበልጥ በሕግ ወሰነች፤ ከአገሮች ሁሉ ቀዳሚዋ ናት። ጋጋሪዎቹ ስቡን ለወጡ፤ የዴንማርክ ኬክ ዛሬም ይሸጣል።