የፈረሙበት ደመወዝም ይጠየቃል

የደመወዝ ቀን በድሬዳዋ ደስ የሚል ቀን ነው። ቀፊራ ገበያ ይደምቃል፣ የዱቤ ደብተር ይዘጋል፣ የልጅ ጫማም ይታሰባል። ነገር ግን ወሩን ሙሉ ስታመሽ የከረመች እናት የትርፍ ሰዓት ገንዘቧ ጎድሎ ስታገኘው፣ አለቃዋም «ፈርሚ፣ ሰልፍ አታስረዝሚ» ሲላት ምን ታድርግ? አብዛኛውን ጊዜ ትፈርማለች። ከዚያም «አንዴ ፈርሜ ምን አፍ አለኝ?» ብላ ዝም ትላለች።

አፍስ አላት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ እንዲይዝ፣ በመዝገቡም ጠቅላላውን ደመወዝ፣ ስሌቱን፣ የተቀነሰውንና የተጣራውን ገንዘብ እንዲያሳይ ያዛል። ሠራተኛዋ መዝገቡን አይታ ማብራሪያ መጠየቅ ትችላለች። ከሁሉ በላይ፣ የተሰጣትን ገንዘብ ያለ ተቃውሞ መቀበሏ ቀሪውን እንደ ተወችው አያስቆጥርም። እምነት ያጎደለ አለቃ የሚተማመነው ይህ ድንጋጌ ባለመታወቁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሂሳቡንም ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። በሰዓት 20 ብር የምታገኝ ሴት ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ከሠራች ለአንዱ ሰዓት 30 ብር፣ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 35 ብር፣ በሳምንት እረፍቷ 40 ብር፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ 50 ብር ይታሰብላታል። «ዕቃ ጠፍቷል»፣ «አርፍደሻል» እየተባለ የሚቀነሰውም ቢሆን በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በእርሷ የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ አይቆረጥም። ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዟ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

ታዲያ ችግሩ ጊዜው ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ልጆቼ ትምህርት ይዝጉ»፣ «በዓሉ ይለፍ» ስትል የቆየች እናት ገንዘቧን በገዛ እጇ ለአለቃው ትታለታለች። ስለዚህ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ አብራችሁ ያመሸችውን ጓደኛ በአንዲት ትንሽ ደብተር በየቀኑ ጻፉ። አቤቱታውንም በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ፣ ለበደለው ሰው ሳይሆን ከእርሱ በላይ ላለው ኃላፊ ስጡ፤ በአንዱ ቅጂ ላይ የተቀባዩን ፊርማ ያዙ። አልቀበልም ካለ በአደራ ደብዳቤ ይላካል። (የድርጅቱ ባለቤት በስሙ የሚሠራውን ሳያውቅ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።) መልስ ከጠፋ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ ከዚያም የፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ለክሱ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ችሎቱም ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል።

ገንዘብ ያልሆነው በደል ይከብዳል። አለቃ እጁን ቢሰድ፣ ነውር ቢናገር፣ ብዙዎቻችን ለባል እንኳ አንናገርም። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት የፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ልትለቅ ትችላለች፤ የስንብት ክፍያና የ90 ቀን ደመወዝ ካሣም ይገባታል። ሆኖም በዚህ ምክንያት የመልቀቅ መብቷ ድርጊቱ በተፈጸመ ወይም ባበቃ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመችበት ያልፋል። ምክንያቱን በጽሑፍ ሳታሳውቅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብትወጣ ደግሞ ሥራ ጥላ እንደ ጠፋች ሊቆጠርባት ይችላልና ጥንቃቄ ያሻል። ድብደባ ወይም የመድፈር ሙከራ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፖሊስ ነው።

«ብናገር ያባርረኛል» የምትሉ አትጠፉም። አቤቱታ ማቅረብ ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም። ያም ሆኖ ከተባረረች ወደ ሥራዋ ለመመለስ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለባት። እርግጥ ነው፣ ኩርፊያውንና የሌሊት ፈረቃ ምደባውን ሕግ ብቻውን አያስቀረውም፤ ለዚህ መድኃኒቱ አብሮ መሄድ ነው። ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች ከሀገሪቱ ቀደምት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን ያቋቋሙባት ከተማ ነች። ዛሬም 10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ አሥር ሴቶች ደግሞ በአንድ የስፌት መስመር ላይ አይታጡም።