ሊንክ ማስቀመጥ ቀላል፣ መልሶ ማግኘት ከባድ

ማኅበራዊ ቡክማርክ የሚባለው አሠራር ከኢንተርኔት የተገኘን ጽሑፍ፣ ቪዲዮ ወይም ሰነድ አድራሻ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ከመተው ይልቅ ባልደረቦችም በሚያዩት የጋራ ቦታ ማስቀመጥ ነው። በእያንዳንዱ ሊንክ ላይ ጥቂት መጠሪያ ቃላት ይለጠፋሉ፤ እነዚህ ታግ ይባላሉ። በኋላ አንዱን ቃል የነካ ሰው በዚያ ቃል የተመዘገበውን ሁሉ፣ ማንም ያስቀምጠው ማን፣ በአንድ ላይ ያገኘዋል።

አሠራሩን በሰፊው ያስለመደው ጆሹዋ ሻክተር እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው ዴሊሽየስ የተባለ ድረ ገጽ ነው። ከዚያ በፊት ሊንክ የሚለየው በፎልደር ነበር፤ የወረዳ መዝገብ ቤት ደብዳቤ እንደሚያስረው ማለት ነው። ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ስንዴ የሚያወራ አንድ ሰነድ «አፈር» በሚለው ማኅደር ይታሰር ወይስ «ሰብል» በሚለው? የሚወስነው ያሰረው ሠራተኛ ነው፤ እሱ የተዛወረ ዕለት ፍለጋው ይጀምራል። ታግ ግን ሰነዱን ሁለቱም ዘንድ ያኖረዋል። ተጠቃሚው ራሱ በመረጣቸው ቃላት የሚሠራውን ይህን አመዳደብ ቶማስ ቫንደር ዋል እ.ኤ.አ. በ2004 ፎክሶኖሚ ብሎ ሰየመው።

ለምዕራብ ጎጃሟ ቡሬ መረጃን ለሥራ ማደራጀት አዲሷ አይደለም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በካናዳ መንግሥት ገንዘብ፣ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የጀመረው አይፒኤምኤስ የተባለ ፕሮጀክት ለሙከራ ከመረጣቸው 10 ወረዳዎች አንዱ ቡሬ ነበር። ፕሮጀክቱ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የዕውቀት ማዕከላትን አቋቁሞ ኮምፒውተርና በሲዲ የተቀዱ ሰነዶችን አስገባ። የፕሮጀክቱ ሪፖርቶች ዛሬ ሲጂስፔስ በተባለ ክፍት የኢንተርኔት ማከማቻ ይገኛሉ። እዚያ ሰነዱን የሚሰይመው የማከማቻው ባለሙያ ሲሆን ቃላቱም በአብዛኛው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ካዘጋጀው አግሮቮክ ከተባለ የቃላት መዝገብ የተወሰዱ ናቸው። ሥርዓቱ የተጣራ ነው፤ ነገር ግን ለቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሳይንስ ስም ይዞ መፈለግ አይመቸውም። የባልደረቦች ታግ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ከማከማቻው ያወጣውን ሰነድ ሌሎቹ በሚጠሩት ስም ያስቀምጥላቸዋል።

ስሙን መምረጥ ግን ሙያ ይጠይቃል። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው መጤ ተምችም ዋነኛ ምግቡ በቆሎ ነው። ስለዚህ ተባይ የተገኘ ማኑዋል «ተምች» በሚል ታግ ብቻ ቢቀመጥ አርሶ አደሩ ከጥንት ከሚያውቀው፣ በመንጋ እየተጓዘ ሣርና ሰብል ከሚግጠው የአፍሪካ ተምች ጋር ይደባለቃል። መጤው በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተደብቆ ስለሚበላ አሰሳውም ሆነ የኬሚካል አረጫጨቱ ይለያል። «መጤ_ተምች» እና «በቆሎ» ተብሎ ቢለጠፍ ግን ጥርጥር የለም። ሰብሉ፣ ችግሩ፣ ቦታው፣ የሰነዱ ዓይነት፦ ለአብዛኛው ሥራ አራት ያህል ቃላት ይበቃሉ። ሃያ ቃል የተለጠፈበት ሊንክ በሁሉም ፍለጋ እየመጣ አሰልቺ ይሆናል።

የአማርኛ ታግ የራሱ የሆነ ጣጣም አለው። ግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሲመዘገብ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል። ለአንባቢ ጸረ_አረም እና ፀረ_አረም አንድ ነገር ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ናቸው፤ ግማሹ ሰነድ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይቀራል። ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያው፣ ማዳበሪያዎች የሚሉትም እንደዚያው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሃሽታግ በሰረዝ ይቆረጣልና ሁለት ቃል የሚያያዘው በታች ሰረዝ ነው። መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም አንድ ነው፦ ቡድኑ አንድ አጻጻፍ ይመርጣል፣ ቃሉን ያለ ቅጥያ በነጠላ ይጽፋል፣ የተስማማባቸውን ቃላት ዝርዝርም ሁሉም በሚያየው ቦታ ይሰካል። የትኛው ሆሄ ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ሊቃውንት መተው ይሻላል።

ዝርዝሩን የሚሰኩበት ቦታ ለብዙዎች ቴሌግራም ነው። ክሪስ ሜሲና እ.ኤ.አ. በ2007 ለትዊተር ያቀረበው የሃሽታግ ሐሳብ እዚህም ይሠራል፤ ፊደሉም አማርኛ መሆን ይችላል። ለባልደረቦች ብቻ የተከፈተ ቻናል ላይ ፒዲኤፉ፣ የወጣበት ዓመትና አዘጋጁ፣ ይዘቱን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያም ሃሽታጎቹ ይቀመጣሉ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ትቆጥባለች፤ ዓመቱም ቢሆን የቆየ የማዳበሪያ ምክር እንደ አዲስ እንዳይነገር ያግዳል። ወሬ የሚበዛበት ግሩፕ ግን ለዚህ አይሆንም።

ጥናት ለሚጽፍ፣ ለምሳሌ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ ወይም በፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለሚያስተምር ሰው፣ ዞቴሮ ይበልጥ ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ይህ ነጻ ፕሮግራም ከሊንኩ ጋር ደራሲውንና ዓመቱን ይመዘግባል፣ ሰነዱን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀራል፣ ታግ ይቀበላል፣ የጋራ ስብስብም ይፈቅዳል። ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል፤ ሲመለስ ከባልደረቦቹ ጋር ያዋህዳል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ሊንክ ብቻ የነበረው ሰው ምንም አልነበረውም፤ ፋይሉን ያወረደው ግን ሥራውን ሊቀጥል ይችል ነበር።

የአገልግሎቶቹ ዕድሜም አጭር ነው። ዴሊሽየስን ያሁ እ.ኤ.አ. በ2005 ገዛው፤ እጅ ሲለዋወጥ ቆይቶ በ2017 ተፎካካሪው ፒንቦርድ ገዝቶ አዲስ ሊንክ እንዳይቀበል አደረገው። ለተመራማሪዎች የተሠሩት ኮኖቲያ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሳይትዩላይክ በ2019 ተዘጉ፤ የሞዚላው ፖኬት በሐምሌ 2025 ተከተላቸው። ስለዚህ መሣሪያ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስብስቡን በፋይል አውጥቶ ወደ ሌላ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ነው። የማይቻል ከሆነ መልኩ ምንም ቢያምር ይቅር።

በጋራ ቦታ የማይቀመጥም አለ። የአርሶ አደር ስምና ስልክ ያለበት ዝርዝር፣ የታካሚ ካርድ ፎቶ፣ ያልጸደቀ የጨረታ ሰነድ በታግ ተሰይሞ ሲቀመጥ ለማንም ፈላጊ በቀላሉ ይገኛል።

የቆየ ስብስብ ውስጥ የማይከፈቱ ሊንኮች መበርከታቸው አይቀርም። ኢንተርኔት አርካይቭ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ የከፈተው ዌይባክ ማሽን የጠፋን ገጽ የቀድሞ ቅጂ ብዙ ጊዜ ያሳያል። ገጹ ከመጥፋቱ በፊት አድራሻውን እዚያ አስገብቶ ቅጂ ማስቀረትም ይቻላል፤ ከዋናው ሊንክ ጎን የሚመዘገበውም ይህ ሁለተኛ አድራሻ ነው።